ጋላቢውን የጣለ ሞተር

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ሳምንት በቤተሰብ ዓምዳችን ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ሥሩ አንዲት ቀጭን ገመድና አንዲት ቀይ ቁልፍ ናት፤ ፍሬው ግን የሰው ሕይወት ነው። ሞተር ባለበት ውኃ ላይ ወይም ውኃ ውስጥ የሚውል ሰው፣ ወታደርም ይሁን ሲቪል፣ አባወራም ይሁን ሕፃን፣ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይኸውም “ይህ ሞተር ቢፈለግ በቅጽበት የሚቆመው በምንድን ነው? የሚያቆመውስ ማን ነው?” የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑን በጣና ዳር ባሳለፍነው የአገልግሎት ጊዜ በሚገባ ተገንዝበናል።

አባቶቻችን ፈረስን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ፈረስ ጋላቢውን ቢጥል ጥቂት ሮጦ ይቆማል፤ ሣር ያየ እንደ ሆነ ይግጣል፤ ሲመሽም ወደ ጋጣው ይመለሳል። የወደቀውን ጌታውን ተመልሶ የሚረግጥ ፈረስ ብርቅ ነው። ሞተር ግን ዓይን የለውም፤ ጌታውን ከጠላቱ አይለይም፤ ድካምም ጸጸትም አያውቅም። የተሰጠውን ነዳጅ እስኪጨርስ ድረስ የታዘዘውን ብቻ ይፈጽማል። ስለዚህ በፈረስ ዘመን ልጓምና እርካብ ይበቁ የነበረውን ያህል በሞተር ዘመን ደግሞ ጋላቢው ሲወድቅ አብሮ የሚሞት ሞተር ያስፈልጋል። በባቡር ላይ የነጂው እጅ ወይም እግር ሲለቀው ባቡሩን የሚያቆም እጀታ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። በጀልባ ላይ ያለችው ቀይ ገመድም የዚሁ ሐሳብ ልጅ ናት።

አደጋው እንዴት እንደሚደርስ በዝርዝር ማወቅ ይበጃል። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር መሪውን የጨበጠው እጅ ሲለየው ቀጥ ብሎ አይሄድም። የፕሮፔለሩ መሽከርከር ራሱ ሞተሩን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፤ ጀልባዋም መዞር ትጀምራለች፤ ዙሩም እየጠበበ ይሄዳል። ውኃ ውስጥ የወደቀው ሰው “ጀልባዋ ጥላኝ ሄደች” ብሎ ሲያዝን፣ እርሷ ዞራ እሱ ወዳለበት ስፍራ ትመለስበታለች። እየዋኘ ቢሸሽ በሰው ጉልበትና በሞተር ጉልበት መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ በደቂቃ 3,200 ጊዜ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ምላጭ ፕሮፔለር በአንድ ሴኮንድ 53 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ የሦስቱ ምላጮች ምት ሲደመር በዚያች አንድ ሴኮንድ 160 ጊዜ ይሆናል። ዓይን ተጨፍኖ በሚገለጥበት ጊዜ ውስጥ የሚደርሰውን ጉዳት አንባቢ ራሱ ይገምተው።

መከላከያው ከአደጋው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነገር ነው። እንደ ስልክ ሽቦ የተጠቀለለች፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ ቀለም ያላት ገመድ ናት። አንዱ ጫፏ በነጂው እግር ወይም በለበሰው ላይፍ ጃኬት ላይ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፏ ደግሞ በመሪው አጠገብ ወይም በሞተሩ ላይ ባለች ማጥፊያ ሥር የሚገባ ትንሽ መቆንጠጫ አለው። ነጂው ከቦታው ሲወረወር ገመዷ ትወጠራለች፤ መቆንጠጫው ይነቀላል፤ ማጥፊያዋም ትሠራለች። ሞተሩ የቤንዚን ከሆነ የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይቋረጣል፤ የናፍጣ ከሆነ ነዳጁ ይዘጋበታል። በዘመናችን ያለ ገመድ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ዓይነትም አለ፤ ነጂው የሚይዛት ትንሽ መሣሪያ ውኃ ውስጥ ስትገባ ወይም ከጀልባዋ ስትርቅ ሞተሩ ይጠፋል። ዘዴው ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ነጂ ከሌለ ሞተርም የለም።

ይህችን ትንሽ ነገር መናቅ ምን እንደሚያስከትል ዓለም ያወቀው አንድ አሳዛኝ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2013 በእንግሊዝ አገር፣ በኮርንዎል ግዛት፣ ፓድስቶ በምትባለው ከተማ አቅራቢያ አባት፣ እናትና አራት ልጆች በአንዲት ፈጣን ጀልባ ይዝናኑ ነበር። ጀልባዋ በኃይል በታጠፈች ጊዜ ስድስቱም ወደ ውኃ ተወረወሩ። ማጥፊያ ገመድ በጀልባዋ ላይ ነበረች፤ ከነጂው አካል ጋር ግን አልታሰረችም። ስለሆነም ጀልባዋ ያለ ሰው እየዞረች ተመልሳ በላያቸው ላይ መጣች። አባትየውና የስምንት ዓመት ሴት ልጃቸው ሞቱ፤ እናትየዋና ትንሹ ወንድ ልጅ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። በመጨረሻ ጀልባዋን ያቆማት የአካባቢው ሰው ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ከሌላ ጀልባ ዘሎ በመግባት ነው። ልብ እንበል፤ መሣሪያው አልጠፋም፤ የጎደለው አንድ ነገር ቢኖር ገመዷን ከእግር ጋር ማገናኘት ብቻ ነበር።

አሜሪካ ደግሞ ጉዳዩን በሕግ አሥራዋለች። ርዝመታቸው ከ26 ጫማ፣ ማለትም ከ8 ሜትር በታች የሆነና 3 የፈረስ ጉልበት ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሞተር የተገጠመላቸው ጀልባዎች ነጂዎች፣ ማጥፊያዋ በጀልባው ላይ እስካለች ድረስ፣ ጀልባዋ በፍጥነት በምትጓዝበት ጊዜ ገመዷን ወይም የሬዲዮ መሣሪያዋን ከራሳቸው ጋር እንዲያገናኙ የሚያስገድደው ሕግ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። ነጂው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚነዳቸው ጀልባዎች ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው የሠለጠነ ቴክኖሎጂ ባለበትም አገር ቢሆን መሣሪያውን መግጠም ብቻ በቂ ሆኖ አለመገኘቱን ነው። መሣሪያው ከሰው ልማድ ጋር ካልተዋሐደ ከጌጥ አያልፍም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ክረምት ማግሥት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሐይቁ ላይ በሚነሣበት ሰዓት፣ አንድ የክፍላችን አሥር አለቃ ስንቅ አድርሶ ብቻውን በጀልባ ይመለስ ነበር። ገመዷ በፍጥነት መጨመሪያው እጀታ ላይ እንደ ክታብ ተንጠልጥላለች። የአንዲት ትልቅ ጀልባ ማዕበል ከጎን ሲመታው አሥር አለቃው ተወርውሮ ወደቀ። እኛ ከዳር ቆመን ያየነው ይህን ነው፤ ጀልባዋ አንድ ጊዜ ዞረች፤ አሥር አለቃው ጠለቀ፤ ሁለተኛ ዞረች፤ ደግሞ ጠለቀ። በደንገል ታንኳ የነበሩ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ሊረዱት ቢቀዝፉም ከጀልባዋ ዙር ውስጥ መግባት ሞት ስለነበረ ቆመው ከመጮኽ በቀር የሚያደርጉት አልነበረም። በሦስተኛው ዙር ነፋሱ ጀልባዋን ገፍቶ ከደንገሉ ውስጥ አስገባት፤ ፕሮፔለሩም በሥሩ ተጠላልፎ ቆመ። አሥር አለቃው ባቱ ተሰንጥቆ ወጣ። ባለቤቱ በዚያች ሰዓት ከዳሩ ልብስ ታጥብ ነበር፤ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኗ አይታለች።

በማግሥቱ ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር ውይይት አደረግን። ገመዷን ማሰር ትእዛዝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ፍተሻ ሲመጣ ያሥራሉ፤ ፍተሻው ሲያልፍ ይፈታሉ። ስለዚህ ትእዛዙን ደግመን ከማንበብ ይልቅ ለምን እንደማያስሩ መጠየቅን መረጥን። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሃምሳ አለቃ ተነሡና፣ “መቶ አለቃ፣ እኔ በዚህ ሐይቅ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ፤ አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም። አሁን በስተርጅና እንደ ፍየል ልታስሩኝ ነው?” አሉ። ቤቱ በሣቅ ተሞላ። እኛም፣ “ሃምሳ አለቃ፣ ፍየል የሚታሰረው እንዳይጠፋ ነው፤ እርስዎም እንዳይጠፉብን ብለን ነው” አልናቸው። እርሳቸውም አብረው ሣቁ። ሌላው ወጣት ነጂ ያነሣው ነጥብ ግን በሣቅ የሚታለፍ አልነበረም። “ገመዱን አስሬ ዕቃ ለማንሣት ዞር ስል ሞተሩ ይጠፋብኛል፤ ከድንጋይ አጠገብ ሞተር ቢጠፋ ማዕበሉ ከድንጋዩ ጋር ያላትመኛል” አለ። ሦስተኛውም፣ “በግዳጅ ላይ ሳለን ሞተሩ ሳናስበው ቢቆምስ?” ሲል ጠየቀ።

እነዚህ ጥያቄዎች እውነተኛ ስለሆኑ እውነተኛ መልስ ይገባቸዋል። ገመዷ ያለ ጊዜዋ ልትነቀል መቻሏ አይካድም። ይሁን እንጂ በእጅ አንጓ ላይ ያሠራት ሰው እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሲጎትታት ይውላል፤ ከጉልበቱ በላይ በጭኑ ዙሪያ ያሠራት ግን እንደ ልቡ ይሠራል። ሞተሩ ቢጠፋም መቆንጠጫውን መልሶ አስገብቶ ማስነሣት የጥቂት ሴኮንዶች ሥራ ነው። የግዳጁም ጥያቄ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ከጠላት ጥይት አስቀድሞ በገዛ ሞተሩ የተቆረጠ ወታደር ለየትኛው ግዳጅ ይጠቅማል? ነጂዋን የጣለች ጀልባ ግዳጁንም፣ የጫነችውንም፣ በውኃ ያሉ ጓዶቹንም ነው ለአደጋ የምታጋልጠው።

የዚህ ሁሉ ክርክር መቋጫ የተገኘው ግን ከነጂዎቹ ስብሰባ አይደለም። በዚያው ሳምንት በተደረገው የቤተሰብ ስብሰባ ላይ የተጎዳው አሥር አለቃ ባለቤት እጇን አውጥታ ተነሣች። ከዚያ በፊት በስብሰባ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። “ባሌ ለአገሩ ቢሞት እንደ እኅቶቼ አለቅሳለሁ፤ ቀና ብዬም እሄዳለሁ። የአንድ ክንድ ገመድ ሳያስር ቀርቶ ቢሞት ግን ለልጆቼ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?” ብላ ተቀመጠች። በአዳራሹ ለረጅም ጊዜ የተነፈሰ አልነበረም። ቀጥሎ ሴቶቹ ራሳቸው ተመካክረው አንድ ውሳኔ አሳለፉ፤ እሑድ እሑድ ቤተሰብ በጀልባ ሲንሸራሸር ገመዱ በነጂው ጭን ላይ መታሰሩን በዓይኗ ሳታይ አንዲት ሴት እግሯን ወደ ጀልባ አታነሣም፤ ልጅም አታሳፍርም። ሕፃናቱ ነገሩን ጨዋታ አድርገውታል። ነጂው ገና ወደ ጀልባዋ ሲጠጋ “ገመዱስ!” ብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ያልወደቁት ሃምሳ አለቃም እሽ ብለው ሲያስሩ አይተናል፤ የመቶ አለቃ ቃል ያላሠራውን የልጅ ልጃቸው ድምፅ አሥሮታል።

ይህ የሞተርና የውኃ ነገር በሐይቅ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ሰው ለዕረፍት ወደሚገባበት የሙቅ ውኃ ገንዳም ይዘልቃል። በዘመናዊ ገንዳዎች ውኃው የሚንቀሳቀሰው በፓምፕ ነው። ፓምፑ ከገንዳው ወለል ወይም ግድግዳ ባለ ቀዳዳ ውኃውን ይመጥጣል፤ አጣርቶና አሙቆ ይመልሰዋል። ቀዳዳው በሰው አካል የተዘጋ እንደ ሆነ ግን ፓምፑ መምጠጡን አይተውም። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል። ዲያሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ 314 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ፓምፑ የዚህን ግፊት ሢሶ ብቻ የሚያህል የመምጠጥ ኃይል ቢፈጥር፣ ቀዳዳው ላይ የተጣበቀው አካል ከአንድ ኩንታል በሚበልጥ ክብደት ተይዟል ማለት ነው። አንድ ኩንታል እህል ከመሬት ማንሣት የሚችል ጎበዝም በውኃ ውስጥ ሆኖ ይህን ኃይል በጉልበት ለማሸነፍ ይቸገራል።

እ.ኤ.አ. በጁን 2002 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት የደረሰው አደጋ ይህንኑ ያረጋግጣል። የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ የሆነችው የሰባት ዓመቷ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር ዋና የምታውቅ ልጅ ነበረች። በሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ ሳለች የመምጠጫው ቀዳዳ ያዛት። እናቷ ጎትታ ልታስለቅቃት አልቻለችም። በመጨረሻ ሁለት ወንዶች በኃይል ሲጎትቷት የቀዳዳው ክዳን ተሰብሮ ተለቀቀች፤ ነገር ግን ሕይወቷን ማትረፍ አልተቻለም። እናትየዋ ኀዘኗን በጓዳዋ ይዛ አልተቀመጠችም፤ በአገሪቱ ምክር ቤት ፊት ቀርባ መሰከረች፤ ታገለች። በልጅቷ ስም የተሰየመው የገንዳዎች ደኅንነት ሕግ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2007 ተፈርሞ ከአንድ ዓመት በኋላ በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ለሕዝብ በሚያገለግሉ ገንዳዎች ሁሉ አካልን አጣብቆ የማይዝ ክዳን እንዲገጠም ያዝዛል። አንድ ዋና መምጠጫ ብቻ ላላቸው ገንዳዎች ደግሞ ተጨማሪ መከላከያ ይጠይቃል፤ ከእነዚህም አንዱ የመምጠጡ ኃይል ድንገት ሲለወጥ ፓምፑን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ነው። ከዚህ ሌላ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ ለሕዝብ አገልግሎት በሚውሉ የሙቅ ውኃ ገንዳዎች አጠገብ በግልጽ የተጻፈበት የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ እንዲኖር ያስገድዳል። ማጥፊያው ከገንዳው ከ1 ሜትር ተኩል ያላነሰ ርቀት ይኖረዋል፤ ሆኖም ገንዳው ከሚታይበት ስፍራ መሆን አለበት። የሚያጠፋው ሰው የሚታደገውን ሰው እያየ ያጠፋ ዘንድ ነው።

አገራችን እንደ ሶደሬና እንደ ወንዶ ገነት ባሉ ፍል ውኃዎች የታደለች ናት፤ ፓምፕ ያላቸው የመዋኛና የሙቅ ውኃ ገንዳዎችም በየከተማው በርክተዋል። የሠራዊቱ ቤተሰብ በዓልና ዕረፍት ሲያገኝ ልጆቹን ይዞ ወደ እነዚህ ስፍራዎች መሄዱ ደግ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ልጆች ልብሳቸውን ሳያወልቁ ወላጅ ሦስት ነገር ይይ። አንደኛ፣ የመምጠጫው ክዳን ሙሉ ነውን? የተሰበረ ወይም የተነቀለ ከሆነ ማንም አይግባ። ሁለተኛ፣ የፓምፑ ማጥፊያ የት ነው? የማያውቅ ዘበኛ ካለ የሚያውቀው ሰው ይጠራ። ሦስተኛ፣ የልጃገረዶች ጠጉር ተሰብስቧልን? ሹሩባ ወይም የተለቀቀ ጠጉር በክዳኑ ቀዳዳዎች ገብቶ ከኋላ የተቋጠረ እንደ ሆነ፣ ፓምፑ ቢጠፋም ላይላቀቅ ይችላልና ጠጉርን ጠቅልሎ በቆብ መሸፈን ይበጃል። ሰው ተይዞ ቢገኝ መጀመሪያ ፓምፑ ይጥፋ፤ ቀጥሎ በአካሉና በቀዳዳው መካከል እጅ አስገብቶ ውኃ እንዲገባ በማድረግ ወደ ጎን ማላቀቅ እንጂ ቀጥ አድርጎ መጎተት አያዋጣም። የጠጉር ከሆነ በመቀስ ወይም በምላጭ መቁረጥ ነው፤ ጠጉር ይበቅላል።

ለጀልባ ነጂዎችም የምንለው አጭር ነው። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ከመሄዳችሁ በፊት ገመዱን አንድ ጊዜ ነቅላችሁ ሞተሩ በእርግጥ መጥፋቱን አረጋግጡ፤ ያልተፈተነ መሣሪያ የታመነ መሣሪያ አይደለም። ገመዱን በመሪው ላይ አትጠምጥሙ፤ በሌላ ገመድም ቀጥላችሁ አታስረዝሙ። መሪውን ለሌላ ሰው ስታስረክቡ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ፤ ተረካቢው ገመዱን ከጭኑ ካሠረ በኋላ አስነሡ። ከሁሉ በላይ ትርፍ መቆንጠጫ በጀልባው ውስጥ ይኑር፤ ያለበለዚያ ነጂው ከነገመዱ ወድቆ ሳለ በጀልባ የቀሩት ሞተሩን አስነሥተው ሊያነሡት አይችሉም። ይህን ለባለቤቶቻችሁና ለትልልቅ ልጆቻችሁም አሳዩ፤ በጀልባ ላይ ማጥፋትንና ማስነሣትን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ አንድ ሰው ሲወድቅ ሁሉም ወድቋል።

ውኃ በሌለበትም ስፍራ ይኸው ምክር ይሠራል። በሐይቁ ዳር አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ እናቶች እህል የሚያስፈጩበት ወፍጮ፣ ሁሉም የሚዞር አካል አላቸው። የነጠላ ጫፍ በቺንጋ የተያዘ ጊዜ ማጥፊያው ከጆንያ ክምር ጀርባ ከሆነ ማንን ሊያድን ነው? ማጥፊያ የሚታይ፣ የማይደናቀፍበትና ማንም የሚደርስበት ይሁን።

በጦር አካዳሚ ሳለን ከተማርናቸው ነገሮች ሁሉ ጸንቶ የቀረልን አንድ ነገር ጀግንነትና ግድየለሽነት መንትያ አለመሆናቸው ነው። ጀግና ሕይወቱን የሚሰጠው ዋጋ ላለው ነገር ነው፤ ግድየለሽ ግን የሌላውንም ሕይወት ጭምር በከንቱ ይበትናል። ዲሲፕሊን የሚባለውም አለቃ ሲያይ ብቻ የሚደረግ ሰላምታ አይደለም፤ ከዳር የሚያይ ማንም በሌለበት በሐይቁ መካከል የምትታሰር የአንድ ክንድ ገመድ ናት።

ውድ የቤተሰብ ዓምድ አንባቢያን፤ በመጪው እሑድ ወደ ውኃው ስትወርዱ የልጆቹን ጥያቄ ይዛችሁ ውረዱ። ገመዱ ከጭናችን፣ ማጥፊያው ከእጃችን፣ ልጆቻችን ከዓይናችን አይራቁ!